ማን ቀድሞ ወጣ?

ትሊት ይሏታል፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ የምድር ትል ስታጠና ለከረመች ሴት ሌላ ምን ስም ይወጣላታል? ታላቅ ወንድሟም ቢሆን አላመለጠም። ባንክ በር ላይ፣ ሐኪም ቤት መስኮት ስር፣ አውቶቡስ ፌርማታ፣ ሰው በተሰለፈበት ሁሉ ቆሞ ሰልፈኛ የሚያጠና የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው ነውና ሰልፉ ብለውት ቀርቷል። ሁለቱም አንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። እናታቸው ደግሞ፣ "አንዱ በሰው ወረፋ፣ አንዷ በትል! ምነው ከልጆቼ አንዱ እንኳ ለወሬ የሚመች ሥራ ቢይዝ!" ትላለች።

የዩኒቨርሲቲው የምርምር ውድድር ዕለት ጠዋት ትሊት አዳራሹ ውስጥ የገባችው ተጨንቃ ነው። አዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሰፊ ቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ የሚሰጠው ደግሞ በዚያ ቀን ላሸነፈው ምርምር ነው። የእሷ ትሎች ያሉት ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነች እቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ሲመጣ እዚያ ትል አይደለም ሰውም አይተርፍ። ክፍሉን ካጣች ሥራውን ልትለቅ ቆርጣለች። ለእናቷ ስትነግራት፣ "እሰይ! ተገላገልሽ!" ነበር መልሷ።

መከራው ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣው ደንብ ላይ ነበር። ሰብሳቢው ነገር ማወሳሰብ የሚወዱ አንጋፋ ፕሮፌሰር ናቸው። "ሁላችሁም የራሳችሁን ስታወድሱ ሰለቸን! ዘንድሮ በእጣ ነው፤ እያንዳንዱ የሌላውን ምርምር ያቀርባል። ባለቤቱ ትንፍሽ ካለ ከውድድሩ ወጣ!" አሉ። የትሊት ሥራ ለማን ቢደርስ ጥሩ ነው? ለሰልፉ! ወይ እድል! እሱ እንደሆን ባለፈው ሳምንት አንዴ መጥቶ፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ሱሪውን አራግፎ ሄዷል።

አዳራሹ ግን እንዲያ ይደምቃል ብሎ ማን ገመተ! የአዋላጅነት መምህርቷ የኮከብ ተመራማሪዋን ሥራ ይዛ ወጣችና፣ "ኮከብም ምጥ አላት፤ ግን ምጧ ሚሊዮን ዓመት ነው፤ እኔ ብሆን ገና ድሮ ቀዶ ሕክምና አዝዝ ነበር" ስትል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የሕግ መምህሩ ስለ አሸዋ ክምር ተናገረ። "ክምሩ የሚናደው በሁሉም ጥፋት ነው፤ የምትከሰሰው ግን መጨረሻ ላይ የመጣችው ቅንጣት ናት" አለ። የአሸዋው ፊዚክስ ሰው አፉን በእጁ አፍኖ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ትሊት ራሷ ጭንቀቷን ረስታ አጨበጨበች።

ከዚያ ሰልፉ ተነሣ።

"ስለ ትል የማውቀው ዝናብ ሲጥል መውጣቱን ብቻ ነበር" አለ። "እህቴ ግን እርጥብ ጨርቅ ላይ ታኖራቸዋለች፤ በአንድ በኩል በመብራት ታሞቃለች፤ ከላይ ካሜራ ትደቅናለች። ዓይን የለ፣ ጆሮ የለ፣ ግን ይነካካሉ፤ ተነካክተው ደግሞ አብረው ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳሉ። ጉድ እኮ ነው!"

ትሊት አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ለካ ሲያይ ነበር!

"እኔ ሰልፍ ሲፈርስ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ቀድሞ ወጣ? የቸኮለው ይመስላችኋል። አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጎኑ ካለው ሰው ጋር አንዲት ቃል ያልተለዋወጠው ነው። ከትሎቹስ ቀድማ የተነሣችው የትኛዋ ናት? መቼም እህቴ ይህን ታውቀዋለች።"

አታውቀውም! ሁሌም የምታየው መንጋው የት እንደደረሰ ነው፤ መጀመሪያ ማን እንደተነቃነቀ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብላ አላየችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሷ ግን ብድግ አለችና፣ "አላየሁትም! ወንድም ጋሼ፣ አላየሁትም እኮ!" ብላ ጮኸች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ። ትሊት ያኔ በሩን አልፋለች።

"አንቺ! ክፍሉን እኮ አጣሽው!" ሰልፉ ከኋላዋ ይሮጣል።

"ክፍሉን ተወውና ና!"

እቃ ቤቷ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረጸችውን የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፈተች። ትሎቹ ተጠላልፈው ተኝተዋል፤ አንዲቷ ብቻ ማንንም ሳትነካ ጥግ ይዛለች። መብራቱ በራ። ቀድማ የተነቃነቀችው ያቺው ናት! ስታልፍ አንዷን ነካች፤ ያቺም ሌላዋን፤ ከዚያ ሁሉም ተከተሉ። "እያት! እያት!" ትሊት የወንድሟን ክንድ ቆነጠጠችው። ሁለተኛውም ቪዲዮ እንደዚያው ሆነ።

ሰልፉ ግን ጥግ የያዘችዋን ትል ትቶ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ነበር። "ሦስት ዓመት እዚህ ስትቀመጪ ማን መጣልሽ?"

"ማንም።"

"እኔስ?"

"አንተማ ባለፈው ሳምንት፤ እሱም በእጣ ተገደህ።"

ሰልፉ አንገቱን ደፋ። አፈረ፤ ማፈርም ነበረበት።

ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ከመሃል ያለችው ቀደመችና ነገሩን ሁሉ አበላሸችው። ትሊት ይብሱን በደስታ ዘለለች፤ አሁን ገና የሚፈለግ ነገር ተገኘ! በዚህ መሃል አዋላጇም፣ የኮከቧ ሴትዮም፣ የሕጉ ሰውም ተግተልትለው ገብተው ነበር። እርስ በርስ እየተጋፉ፣ "ትልቋ ናት እንዴ? የራባት ትሆን? መልሺው እስቲ!" ይላሉ።

ሰብሳቢው በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። "ክፍሉ ለአሸዋው ሰው ተሰጥቷል" አሉ። ትሊትን አመማት፤ መዋሸት አያስፈልግም። ሆኖም ዓይኗን ከቪዲዮው ሳትነቅል ስልኳን አነሣች።

"እማዬ፣ ያ ቀዝቃዛው ጓዳ ባዶ ነው?"

"ምን ልታደርጊበት?"

"ትሎቼን ላስገባበት። ሥራዬን አልለቅም።"

እናት ግን፣ "ማነው እዚያ የሚንጫጫው?" አለች።

"እኔ ጋ የመጡ ሰዎች ናቸው።"

"አንቺ ጋ? ይህ ሁሉ ሰው?" የእናት ድምፅ ተሰበረ። "በይ ሰዎቹንም ትሎቹንም አምጪያቸው። ጓዳውን እጠርግላቸዋለሁ።"