መቶ አርባ ዛላ

በርናዲን መታወቂያዋን ለአራተኛ ጊዜ ብታስጠጋውም የመንግሥት ስንዴ ምርምር ጣቢያው የመስታወት ቤት በር መብራት ከቀይ አልቀየር አለ። መስታወቱን በቡጢ ደበደበችው። ውሃ አጠጪው ዴልበርት የውሃ ጎማውን እየጎተተ መጥቶ በሩን ገርበብ አደረገላት።

"በርኒ፣ በፈጠረሽ፣ ቤትሽ ሂጂ!"

"ሁለት ሰዓት ብቻ ስጠኝና እሄድልሃለሁ።"

"አይቻልም አልኩሽ እኮ!"

ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች በበጀት ተጣልተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዴልበርት ያለ ደመወዝ ሥራ ግባ ተባለ፤ እሷ ያለ ደመወዝ ቤትሽ ተቀመጪ ተባለች። ጉድ እኮ ነው! ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ቀን በርናዲን ከመቶ አርባ የስንዴ ዛላ ላይ ወንዴውን ክፍል አንድ በአንድ በወረንጦ ነቅላ፣ ዛላዎቹን በወረቀት ከረጢት ሸፍናቸው ነበር። ዛሬ የሌላ ዝርያ የወንዴ አበባ ብናኝ ካልተራገፈባቸው አንድ ፍሬ አይዙም። የዋግ በሽታ የማይደፍረው ስንዴ ለካንሳስ ገበሬ ላድርስ ብላ ስድስት ዓመት የለፋችበት ነው።

"በነፃ ልሥራ ነው ያልኩት። ማን ይከሰኛል?"

"ሕጉ ነዋ! አሁን በነፃ መሥራት ወንጀል ነው። አንቺም እኔም እንባረራለን።"

"ታዲያ አንተ ብናኙን አራግፍልኝ። እዚሁ ቆሜ አሳይሃለሁ።"

ዴልበርት ቀና ብሎ ከበሩ በላይ ያለውን ካሜራ አየ።

"ውሃ አጠጣ ነው የተባልኩት። ውሃ ብቻ። እኔንስ የማያበግነኝ መሰለሽ?" አለና በሩን ዘጋው።

በርናዲን መኪናዋ ውስጥ ገብታ ለአለቃዋ ደወለች፤ ባያነሳላት ጊዜ መሪውን እየደበደበች አለቀሰች። የሚጣሉት እነሱ፣ የሚዘጉት እነሱ፣ ደመወዛቸው የማይቋረጠውም እነሱ!

መንግሥት በአርባኛው ቀን ተከፈተ። በርናዲን ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ከረጢቶቹን ገለጠች። ገለባ። መቶ አርባውም ገለባ ሆኗል።

አለቃዋ ሩስል ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። "አይዞሽ፣ ውዝፍ ደመወዛችን ይገባል። ዘግይቶ የተዘራው ደግሞ ዛላ አውጥቷል፣ በሱ እንጀምራለን። እንደ ድሮሽ እያመሸሽ፣ ቅዳሜም ብቅ እያልሽ ከሠራሽ እንደርሳለን።"

"በነፃ?"

"ያው... እንደ ድሮሽ።"

"ሩስል፣ ያን ቀን ስደውልልህ ስልክ እንኳ አላነሳህም።"

"ስልክ ማንሳትም ተከልክዬ ነበር እኮ!"

በርናዲን ወረንጦዋን ይዛ ተቀመጠችና ቀኑን ሙሉ ቀና ሳትል ሠራች። መውጫ ሰዓቷ አሥር ሰዓት ተኩል ሲደርስ አንድ ዛላ ገና ግማሹ ቀርቷት ነበር። ያልተነቀለው ወንዴ እስከ ጠዋት ብናኙን በዚያው ዛላ ላይ ያራግፋል፤ ዛላው ከንቱ ይሆናል። እሷ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

"ልትጨርሺው አይደል?" አለ ሩስል።

"ሰዓቴ ደርሷል" አለችና ኮቷን ለበሰች።