የግራ እጅ ሥራ

ሰዓት ሠሪዋ ከእንጨት የተቆረጠውን ጥርሳም ጎማ ወደ በሩ ብርሃን አዙራ ስታየው ፊቷ በአንድ ጊዜ አመድ መሰለ።

«ምነው፣ ልኩ አይደለም እንዴ?» አለ ዕቃ ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ።

«ልኩ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? ምስጥ አገኘሽበት?»

አልሳቀችም። ጎማውን ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

ዕቃ ሻጩን የሠፈሩ ሰው ሁሉ «አይጠፋም» ነው የሚለው፤ የልብስ ስፌት መኪና መዘውርም ይሁን የአሮጌ ሬዲዮ ቁልፍ፣ ለጠየቀው ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይኸው ስለሆነ። ዛሬ እሷን ያመጣት የመጋዟ ሞተር ነበር። ቤቷ ውስጥ፣ በሳሎኑ መስኮት ሥር፣ ከቆጣሪያቸው እስከ ሆድ ዕቃቸው እንጨት የሆኑ የግድግዳ ሰዓቶች እየሠራች ትተዳደራለች። በቅርቡ አንድ ባለጫማ ቤት ከእሷ የገዛውን ሰዓት ቀለም ቀቢዎች ከግድግዳ ጣሉበትና ትልቁ ጎማ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሌላ ቆርጣ እንዳትተካለት ደግሞ የመጋዟ ሞተር ጨሶ ዐረፈው። «ሞተሩ ትንሽ ይቆያል፤ የእንጨት ጎማ የሚቆርጥልኝ ሰው ግን አለኝ» ብሎ ነበር አይጠፋም ይህን ጎማ ከመሳቢያ ያወጣላት።

ጥርሶቹ ላይ የቀረው የሞረድ ጭረት እሷ ከለመደችው በተቃራኒ ያጋደለ ነው። ግራ እጁ የሚቀናው ሰው ሥራ ነው። ግራ እጁ የሚቀናው ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ከአንደኛው ጥርስ ሥር በጋለ ሚስማር የተተኮሰች ነጥብ ነበረች፤ ከጎኗ ደግሞ ሌላ፣ ከእሷ ያነሰች። ትልቋ እሷ፣ ትንሿ እሱ። አባታቸው በዚሁ ልክ ጎማ መቁረጥ ሲያስተምራቸው ታናሽ ወንድሟ ያወጣው ምልክት ነው፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ወንድሟ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«የድሮ ዕቃ ነው፣ አይደል?» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

«የምን ድሮ! አሽትቺው እስቲ፤ ገና ወይራ ወይራ ይላል። በቀደም ነው ያመጣልኝ።»

«ማን?»

«ከከተማው ዳር ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ ዘበኛ። ዝምተኛ ነገር ነው፤ ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ ነው የሚሰጥሽ። እጁ ግን ወርቅ ነው። ሻይ ሳቀብለው በግራው መቀበሉ ነው እንጂ የሚያናድደኝ...»

ጎማውን እንደያዘች ሳትሰማው ወጣች። አይጠፋም ቦርሳዋን ይዞ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጦ አቀበላት። «ኧረ አንቺ ሴት፣ ደህና ነሽ?» አላት። ደህና መሆኗን ጭንቅላቷን ነቅንቃ ነግራው ታክሲ ውስጥ ገባች።

ወንድሟ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አውቶቡሱ ገደል ገብቶ ተቃጠለ። ከተሳፋሪው የዳነ አልነበረም፤ አስከሬኑን መለየት ስላልተቻለ ለየቤተሰቡ የታሸገ ሳጥን ተሰጠ። እነሱም የተሰጣቸውን አልቅሰው ቀበሩ። ከማዶ ቆሞ አደጋውን አየሁ ያለ አንድ ሰው «ሾፌሩ መሪውን እንደጨበጠ ነው አብሯቸው የሄደው» አለ፤ ወሬውም ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። እናቷ ከዚያ ሐዘን በኋላ እህል የቀመሰችው ይህን ቃል ይዛ ነው። ባሏ በዚያ አውቶቡስ የቀረባት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋም መጥታ «ልጅሽ ጥሏቸው አልወረደም» ብላ አብራት አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች እንደ እህትማማች ናቸው።

መሰንጠቂያው ግቢ ውስጥ መጋዙ ያፏጫል። ከበሩ አለፍ ብሎ ካለች የቆርቆሮ ክፍል ደጃፍ ላይ አንድ ከሲታ፣ ጢሙ የጎፈረ ሰው ጉልበቶቹ መካከል እንጨት ይዞ በግራ እጁ ይሞርዳል። ባዶ እግሩን ነው። የሰው ጥላ ሲያርፍበት ቀና አለ።

ሞረዱ ከእጁ ወደቀ።

«እታለም» አለ።

ከእሱ በቀር እንዲህ ብሎ የሚጠራት ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። የተከመረውን ጣውላ ተደገፈች። ተጠግታ እጁን ያዘች። ይሞቃል። ለጊዜው ማሰብ የቻለችው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ይሞቃል። በጥፊ መታችው፤ ደግሞም አቀፈችው። የትኛው እንደቀደመ በኋላም ማስታወስ አልቻለችም።

«ቀብረንሃል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«አፈር አልብሰንሃል! እማዬ መቃብሩ ላይ ስትንከባለል ሰው ነው ተሸክሞ ያነሳት። ያ ሳጥን ውስጥ የነበረው ማነው?»

«እኔንጃ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ረዳቴ ይመስለኛል። ከአጠገቤ ነበር የቆመው።»

«አንተስ? አንተ እንዴት ወጣህ?»

መጋዙ ግንዱን ቆርጦ እስኪጨርስ ጠበቀ።

«ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለኝ። ብረግጠው ባዶ ነው። ማርሽ ብቀንስ አልገባ አለኝ። ሰዉ ይጮሃል። ኩርባው ጋ ስንደርስ... በሬን ከፍቼ ዘለልኩ፣ እታለም።»

«ሌላስ ማን ወረደ?»

«ማንም።»

እጁን ለቀቀችው። እሱን በሕይወት ማግኘቷ ካስደነገጣት ይልቅ ይህ ባሰባት። ያቺ ልብስ ሰፊ ፊቷ ላይ ድቅን አለች።

«ብቆይም ላድናቸው አልችልም ነበር» አለ። «ይህን ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። እውነት ነው። ግን አልቆየሁም።»

«ወደ ቤት ብትመጣስ ምን ነበረበት? እኛ ምን እናደርግህ ነበር?»

«ልመጣ ተነስቼ ነበር። እዚያው አገር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ እኔ ሲወራ ሰማሁ። መሪውን እንደጨበጠ፣ አብሯቸው ሄደ... ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል። ይህን ሰምቼ በየት በኩል ልምጣ? ከዚህም ከዚያም ስል ከርሜ እዚህ ተጠጋሁ። ከናንተ መራቅም አልሆነልኝ፤ መቅረብም አልሆነልኝ።» ቀና ብሎ አያት። «እስቲ አንቺው ፍረጂ። ለእማዬ የትኛው ልጅ ይሻላታል? ያ ወይስ እኔ? ተይኝ። አንዴ ሞቻለሁ፤ ሙት ልሁን።»

ንዴቷን ስትፈልገው እዝነቷ ይመጣባታል፤ እዝነቷን ስትይዘው ንዴቷ። እግሩን አየች። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ሕፃን ሳለ ይህን እግር የምታጥበው እሷ ነበረች።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

ወንድሟ ስልኩ ላይ የተጻፈውን አይቶ ጭንቅላቱን በኃይል ነቀነቀ። «እባክሽ» አለ፤ ድምፅ አልነበረውም።

አነሳችው።

«የት ነው የቀለጥሽው?» አለች እናቷ። «ባለጫማ ቤቱ እየተመላለሰ በሩን ሊነቅለው ነው። ዕቃውን አገኘሽ ወይ?»

«አገኘሁ፣ እማዬ።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል? አለቀስሽ እንዴ?»

«አቧራ ነው። እንጨት ቤት ነኝ።»

«በይ ቶሎ ነይ። ብቻሽን እንዲህ ስትንከራተቺ አልወድም።»

እሺ ብላ ብትዘጋው የሚያውቅ አልነበረም። ጎማውን ትገጥማለች፤ ሰዓቱ ይሠራል፤ እናቷም ልጄ ሰው ጥሎ አልሸሸም እያለች ትኖራለች። ወንድሟ ይህንኑ ከፊቷ ላይ ያነበበ ይመስል ትከሻው ረገብ አለ።

«ብቻዬን አይደለም የምመጣው» አለች።

«ከማን ጋር ነው?»

«ስመጣ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ልብስ ሰፊዋን ጥሪያት። ሥራም ቢኖርባት ትተወው። ከጎንሽ ቁጭ ትበል።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ክፉ ነገር ነው?»

ሰዓት ሠሪዋ ወንድሟን አየችው።

«ክፉም ደግም ነው፣ እማዬ። ጠብቁን።»

ስልኩን ዘጋች። ወንድሟ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። አጎንብሳ ከበሩ ጥግ ጫማውን አነሳችና አቧራውን አራግፋ ከፊቱ አስቀመጠችለት።

«አድርግ» አለችው።