እስከ አንቴናው

ሞተር ሳይክሏ የዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ሁለቴ አስነጠሰችና ቀጥ አለች።

"ምንም አይደለም!" አለ ባል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሚስት ከኋላ ወርዳ ቀሚሷን አራገፈች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯ ዛሬም እንደ ሐብል አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቅድም ነፋሱ ሻሿን ሲገፋት እንደ ልጅ ስትስቅ ነበር። አሁን ግን አንጋጣ የስልኩን አንቴና አየች። ኮረብታው ጫፍ ላይ ተገትሯል፤ ቅርብ ይመስላል እንጂ ቅርብ አይደለም።

ውርርዱ የሷ ሐሳብ ነበር። ባሏ ይህቺን ሞተር ዝገት በልቷት ከተጣለችበት አንስቶ ካመጣት ጀምሮ፣ የስፌት ክፍሏ የሞተሯ ሆኗል። መስኮት ያለው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል! የስፌት መኪናዋ ኮሪደር ላይ ተሰደደች። ደንበኞቿ ለልክ ክንዳቸውን በዘረጉ ቁጥር ግድግዳ ይመታሉ። "በረንዳ ላይ አውጣት" ስትለው፣ "ዝናብ ቀለሟን ያበላሸዋል" ይላል። ትላንት ትዕግስቷ አለቀ።

"ሁለታችንን ይዛ አንቴናው ድረስ ከወጣች ክፍሉ የሷ ነው፤ ሁለተኛ ትንፍሽ አልልም" አለችው። "ካልወጣች ግን አሮጌ ዕቃ ገዢው ነገውኑ ይውሰዳት።"

እሱም ደረቱን ነፍቶ እሺ አለ።

ደረቱን ቢነፋ አይፈረድበትም። ግቢ ውስጥ ሲያስነሳት እንደ ሰዓት ትሠራ ነበር። ቀለሟማ አይወራም። ሙያው የቤት ዕቃ መቀባት ነው፤ በሱ እጅ ያለፈ ቁም ሣጥን ፊት ያሳያል። ሞተሯንም ድፍን ቀይ አድርጎ እንደዚያው አሳመራት። የሰልባትዮዋን፣ ማለትም የቤንዚን መያዣዋን፣ ክዳን እንኳ ለብቻው መስኮት ላይ አስቀምጦ ሲቀባ ሲያደርቅ ነው የከረመው። እስከዚያው ሞተሯን የሚሞክራት የሰልባትዮዋን አፍ በጨርቅ ሸፍኖ ነበር። ክዳኑ የተገጠመላት ገና ዛሬ፣ ከግቢ ሲወጡ ነው።

"ካርቡራተሯ ነው" አለ ተንበርክኮ። ካቻቪቴውን ከኪሱ መዝዞ ብሎኗን ላላ አደረጋት፤ ትንሽ አሰበና መልሶ ጠበቅ አደረጋት። ከዚያ ቤንዚን መኖሩን ሊያይ ክዳኑን ከፈተ።

ክዳኑ ሽው አለ።

መልሶ ገጠመውና መርገጫዋን ረገጠ። በአንድ ምት ተነሳች።

"አላልኩሽም? ውጪ!"

ወጣች። እንደገና ነፋስ፣ እንደገና ሳቅ። ግን ብዙም አልሄዱ፤ አትክልት የምትሸጥ ሴት አጠገብ ስትደርስ ሞተሯ አስነጠሰችና ዝም አለች።

"ጋሼ፣ ሸክሙ በዛባት እኮ!" አለች ሻጯ ቲማቲሟን እየደረደረች። "አንዷን እኔ ጋ ያስቀምጧት፤ ሲመለሱ ይወስዷታል።"

"እኔን ነው ሞተሯን?" አለች ሚስት።

"እሱን እርሳቸው ያውቃሉ።"

"አይ፣ እንዲህ በግልጽ አትጠይቂው፤ ጭንቅ ውስጥ ይገባል።"

ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። ባል አልሳቀም። ብሎኗን አሁን ወደ ሌላው አቅጣጫ አዞራት፤ ካንዴላዋን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ወለወላት። ሚስቱ ለሰፋችለት ሸሚዝ መቼም አዝኖ አያውቅም። በመጨረሻ ክዳኑን ከፍቶ ቤንዚኑን አየ።

ሽው።

ገጠመው፣ ረገጠ፣ ተነሳች።

ሚስት ሳቋን አቆመች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ልጃቸው ሕፃን ሳለች ጡጦዋ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ አየር ሳያገኝ ሲቀር ወተቱ ቀጥ ይላል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ክዳኑን ላላ ሲያደርጉት ሽው ይልና ወተቱ ይመጣል። ክዳኑን አየችው። ያብረቀርቃል፤ አንድ እንከን የለበትም። ባሏ ደግሞ ቀዳዳ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ነው። የምስማር ቀዳዳ ሲደፍን ዕድሜውን ስለጨረሰ እጁ ለምዶበታል። የአበባ መትከያዋን እንኳ ከስሩ ያለውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ በስቱኮ ደፍኖ፣ ቀብቶ፣ አበባዋን በውሃ ያሰጠመባት እሱ ነው።

ሁሉም ነገር ባንዴ ገባት።

አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ዝም ካለች ሞተሯ መቆሟ አይቀርም። ክፍሏ ይመለሳል። መስኮቱ፣ ፀሐዩ፣ ደንበኞቿ ክንዳቸውን እንደ ልብ ሲዘረጉ ታያት። ከኋላው ወጥታ ወገቡን ያዘች።

ባል ደስ ብሎት ዘፈን ጀመረ፤ ድምፁ ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም። አንቴናው ቀረበ። ብረቱ ላይ የተቀመጡት ወፎች መታየት ሲጀምሩ ሞተሯ አስነጠሰች።

በዚህ ጊዜ ካቻቪቴውን አላወጣም። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ዘይት የጠጡ እጆቹን አየ።

"በቃ፣ ተሸነፍኩ" አለ። "ነገ ትሂድ። ክፍልሽንም ይህን ያህል ጊዜ ነጥቄሽ… ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ይሁን።"

"እኔ እኮ ሞተር አፍቅሬ አይደለም። አንቺን ከኋላ አስቀምጬ እንዲህ መሄድ አምሮኝ ነው። ስትስቂ ሰማሁሽ። እንደዚያ ስትስቂ ከሰማሁ ቆየሁ።"

ለክፍሏ ሳሳች፤ ለሱ ግን የበለጠ ሳሳች።

"ስማ፣ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ነበረ?"

"የቱ? የሰልባትዮው?" በሐዘኑ መሃል ፊቱ ፈካ። "ነበረች፣ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ። ዝገት የበሳት መስሎኝ በስቱኮ ደፈንኳት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸኋት፣ ቀባኋት። አሁን ብትፈልጊ አታገኚያትም!"

"ሞተሯም አላገኘቻትም። የልጅህን ጡጦ ረሳኸው?"

አያት። ክዳኑን አየ። ሁለት እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ፤ ዘይቱ እዚያው ታተመ።

"አንቄያት ነዋ! እንደ አበባሽ!"

ሚስት ከኮሌታዋ ላይ የቆዳ መስፊያ መርፌዋን ነቀለች። ክዳኑን ገልብጠው ውስጡን ሲያዩ ቀዳዳዋ በስቱኮ ነጥታ ቁጭ ብላለች። የመርፌዋን ጫፍ እዚያ ላይ አቆመችና ድንጋይ አቀበለችው።

"ምታ።"

"ቀለሙ ይፈነቀላል እኮ!"

"ይፈንቀላ!"

ዓይኑን ጨፍኖ መታ። ስቱኮው ፈረሰ፤ ከላይ በኩል ጥፍር የምታህል ቀለም ተነሳች። ጥርሱን እንደነቀሉት ሰው አቃሰተ።

ከዚያ በኋላ ሞተሯን የሚያቆማት አልተገኘም። ኩርባውን ዞረች፣ ጠጠሩን በተነች፣ የመጨረሻውን አቀበት እያጓራች ወጣችው። ሚስት እየጮኸች ነበር፤ ምን እንደምትል ራሷም አታውቅም። አንቴናው ስር ሲደርሱ ወፎቹ ግር ብለው ተነሱ።

ባል ወርዶ የተፈነቀለችውን ቦታ ዳሰሰ። ከኪሱ ትንሿን የቀለም ጠርሙስ አወጣ፤ አየት አደረጋትና መልሶ ከተታት።

"መቼ ነው የገባሽ?"

"አትክልት ሻጯ ጋ።"

"እና ዝም አልሽ?"

"ጥቂት ዳገት ያህል።"

ከት ብሎ ሳቀ። "ውርርዱ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬውኑ በረንዳ ትወጣለች። ዝናቡ ከላጣት ደግሜ እቀባታለሁ። ክፍሉ ያንቺ ነው።"

ሚስት ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጫፉን መሪው ላይ አስያዘችው፤ ሌላውን እስከ ኋላ መብራቷ ድረስ ዘረጋችው።

"ምን እየለካሽ ነው?"

"አታንቀሳቅሰው። ደጅ ለምታድር ልብስ ልሰፋላት ነው፤ ከድንኳን ሸራ።" ወደ ሰልባትዮው መጥታ ጣቷን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። "እዚህ ጋ መተንፈሻ ቀዳዳ እተውላታለሁ። እንዳትደፍነው።"