ወለል የሌለው ጀልባ

በእኛ ከተማ የጀልባ ውድድር የሚደረገው ወንዙ ሲደርቅ ነው። ጀልባዎቻችን ወለል የላቸውም፤ ሁለት ሰው የቆርቆሮውን ጎን በትከሻው ላይ በማንገቻ አንጠልጥሎ፣ እግሩ ከታች እየታየ፣ በአሸዋው ላይ ይሮጣል። ይህን ሥራ ፈትነት የጀመሩት አባታችንና ጓደኞቹ ናቸው፤ ያን ዕለት ምን ጠጥተው እንደነበር አልጠይቅም። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ መሮጫው አሸዋ ላይ የወንዝ ውሃ ከደረሰ ውድድሩ ይሰረዛል። በመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የየዓመቱ አሸናፊ የሚጻፍበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። በስልሳ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ በሰው ስም ቦታ “ወንዙ” ተብሎ የተጻፈው እስከ አምና ሦስት ጊዜ ነበር።

የወንድሜ የሊንዚ ስም እዚያ ሰሌዳ ላይ አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሮጦ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፏል፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ያሸነፈው ባለ ሉካንዳው ትሬቨር ነው። የሊንዚ ሚስት ከሞተች ወዲህ ከኋላው የምሮጠው እኔ እህቱ ነኝ። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል።

ዘንድሮ ግን ልቤ ውድድሩ ላይ አልነበረም። ሊንዚ እርሻውን ሊሸጥ ነው። ደላላው ሰኞ ጠዋት የሚፈረመውን ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አራት ዓመት ደህና ዝናብ አላየንም። የወንድሜ እርሻ ከከተማው በወንዙ ወደ ታች አምስት ኪሎሜትር ላይ ነው፣ በጎቹም የሚጠጡት ወንዙ በመጣ ቁጥር ሞልቶት ከሚያልፈው ከእማዬ ኩሬ ነበር። የእማዬ ኩሬ የምንለው እናታችን ሁለታችንንም ዋና ያስተማረችን እዚያ ስለሆነ ነው። ያ ኩሬ አምና ደረቀ። አባቴም አያቴም ደርቆ አላዩትም። አንዴ ቢሞላ በጎቹን ሁለት ዓመት ያኖራቸዋል፤ ካልሞላ ግን ሊንዚ የሚቆይበት ምክንያት የለውም። ሴት ልጁ በባሕር ጠረፍ ባለ ከተማ ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀችው ነው፤ መስኮቱ ባሕር ያሳያል ብላዋለች።

“ባሕሩን ምን ላድርገው?” አለኝ አንድ ቀን። “ጨው ነው። በግ አይጠጣው።”

ከዚያ በላይ አላወራንበትም። እኔም አትሂድ አላልኩትም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይባልም፤ ሆድ ይፍጀው እያልን ነው ያደግነው። ይልቅ የሻይ ስኒዎቹን በጋዜጣ ስጠቀልልለት ሰነበትኩ። ሁለቱን ሆን ብዬ ሰበርኳቸው።

ከውድድሩ በፊት በነበረው እሁድ ፓስተር ግሬም ዝናብ እንዲመጣልን ጸለየ። ወጣቱ ቅን ነው፣ ግን የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ራሱ ስለሆነ “ከቅዳሜ በኋላ ቢሆን ደስ ይለናል” ብሎ ጨመረበት። ገበሬው አፉን ዘጋ፣ ባለ ሱቁ አሜን አለ። እኔ በመጀመሪያው ላይ አሜን ብዬ በሁለተኛው ላይ ሳልኩ።

አርብ ከሰዓት ለአክስት ኮራ ስልክ ተደወለላት። ኮራ ገበያ ላይ ጎረቤቴ ናት፤ ጠረጴዛችን ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ነው። ወገኖቿ የእኛ አያቶች በጋሪ ሳይመጡ በፊት እዚህ ወንዝ ላይ የነበሩ፣ ለወንዙም ስሙን ያወጡለት ናቸው። በዕድሜ የሚበልጧት እንኳ አክስት ይሏታል። የደወለላት የእህቷ ልጅ ነው፤ ሃምሳ ኪሎሜትር ወደ ላይ ባለ የከብት እርባታ ውስጥ ይሠራል። ላይ አገር ዘንቦ ወንዙ መንገዱን አቋርጦ አለፈ አላት።

እኔ ነገሩን ቶሎ ማመን አልወድም። አምናም ካቻምናም እንዲሁ መጣ ተብሎ፣ ከተማው ሳይደርስ አሸዋው ጠጥቶታል። ይህንኑ ነገርኳት።

“አምና ቀጭን ነበር” አለች። “ዘንድሮ የአጥር እንጨት ነቅሎ ይዟል ነው የሚለኝ።”

“ታዲያ መቼ ይደርሳል?”

“እኔ ምን አውቄ፤ ወንዙ የኮሚቴው አባል አይደለም።”

ለሊንዚ አልነገርኩትም። ሰው አንዴ ቁርጡን ካወቀ በኋላ መልሶ ተስፋ ማስያዝ ግፍ ነው፤ ውሃው ግማሽ መንገድ ላይ ቢቀር ፊቱን የማየው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያው እንደ ወትሮው በወንዙ ዳር በቀያዮቹ ባሕር ዛፎች ሥር ተዘረጋ። ዘንድሮ ሎሚው በድርቁ ስለቀጨጨ የሎሚ ማርማላታዬ ሠላሳ ብልቃጥ ብቻ ነበር። ኮራ ኳንዶንግ ከሚባለው ቀይ የበረሃ ፍሬ በክር ሰክታ የሠራቻቸውን ሐብሎች ደርድራለች። ፓስተር ግሬም ቋሊማ ይጠብሳል። ተጎታች ቤታቸውን እየሳቡ ከደቡብ የመጡት ጎብኚዎች ሁሉንም ቀምሰው አንድ ይገዛሉ፣ ነጫጮቹ በቀቀኖች ከላይ ሆነው ሰው የሚለውን እስከማያሰሙ ድረስ ይንጫጫሉ። ሊንዚ ከአጠገቤ ቆሞ የጀልባችንን ማንገቻ ይጠግን ነበር። ጀልባዋ በእናታችን ስም ዶሮቲ ትባላለች።

ትሬቨር መጣና “ስንት እርምጃ ቅድሚያ ልስጥህ? የመሰናበቻ ነው፣ አልሰስትም” አለው።

“ለራስህ አስቀምጠው” አለ ሊንዚ፣ ቀና እንኳ ሳይል። “ጉልበትህን በፋሻ ጠቅልለኸው ያንተኑ ቋሊማ መስሏል።”

እውነቱን ነው፣ ትሬቨር ያነክስ ነበር። ያኔ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ፤ ዛሬ ልናሸንፍ እንችላለን። ወንድሜን ማስቀረት ካቃተኝ፣ ስሙን ሰሌዳው ላይ ትቶ ይሂድ አልኩ። ማርማላታውን ለኮራ አደራ ሰጥቼ ጫማዬን አጠበቅሁ።

መሮጫው ከድልድዩ ሥር ተነስቶ ወደ ላይ ሁለት መቶ እርምጃ፣ ቀይ ጥብጣብ እስከታሰረበት ትልቅ ዛፍ ድረስ ነው። ስድስት ጀልባ ተሰለፈ። ፓስተሩ ፊሽካውን ነፋ። እኔ ከሊንዚ ጀርባ በቀር የማየው የለም፤ እሱ እንደሮጠ እሮጣለሁ፣ ቆርቆሮው ዳሌዬን ይቀጠቅጠኛል፣ አሸዋው እግሬን ወደ ኋላ ይጎትታል። ግማሽ ላይ ስንደርስ የትሬቨር ማለክለክ ከጎናችን ወደ ኋላችን አለፈ። ሕዝቡ ስማችንን ሲጠራ ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም።

ሊንዚ ቀጥ ብሎ ቆመ። አፍንጫዬ ከጀርባው ጋር ተላተመ።

“ሩጥ እንጂ!” አልኩት። “አሥር እርምጃ ናት የቀረችህ!”

“ኖሊን” አለ ቀስ ብሎ፣ “ወደ ፊት እይ።”

በትከሻው ላይ ተንጠራርቼ አየሁ። ከዛፉ በታች፣ ከጥብጣቡ ሥር፣ ወንዙ እየመጣ ነበር። ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም፤ ቡናማ ነው፣ ከፊቱ አረፋና ቅጠል፣ የዛፍ ቅርፊትና ነፍሱን ሊያድን የሚሮጥ ጉንዳን እየገፋ ይመጣል። ድምፁ ደረቅ ሣር እንደሚጎተት ነበር። ትሬቨር ሊቀድመን ይችል ነበር፣ ግን እሱም ቆሟል። ውሃው መድረሻውን አልፎ መጥቶ የሊንዚን ጫማ ነካ። ፓስተር ግሬም በድምፅ ማጉያው ውድድሩ መሰረዙን ተናገረ።

“ድልህን ውሃ በላው” አለው ትሬቨር።

ሊንዚ አልሰማውም። ጎንበስ ብሎ መዳፉን አሸዋው ላይ አደረገ፣ ውሃው በጣቶቹ መካከል እስኪገባ ጠበቀ። “ገና አምስት ኪሎሜትር አሸዋ አለ” አለ፣ ለማንም ሳይሆን። እዚያ የቆመው ሁሉ ምን ማለቱ እንደሆነ ገባው።

እንሂድ ያለ ሰው የለም። ሊንዚ ጀልባውን እንዳንጠለጠለ ፊቱን መልሶ ከውሃው ፊት መራመድ ጀመረ፤ እኔም በማንገቻው ከጀልባዋ ጋር ታስሬ ስለነበር ተከተልኩ። ቀጥሎ የትሬቨር ጀልባ መጣ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ ቀጥሎ ገበያው በሙሉ፣ ከነውሾቹ። ፓስተሩ የቋሊማ መቆንጠጫውን በእጁ እንደያዘ ነው። ኮራ ጠረጴዛዎቻችንን በጨርቅ ሸፍና በዱላዋ እየተመረኮዘች በዳር በዳር ትሄዳለች። ድልድዩን አልፈን ወደ ታች ወረድን። ወንዙ ዳዴ ከሚል ሕፃን አይፈጥንም። ጎድጓዳ ሲያገኝ እስኪሞላው ድረስ ይቆማል፣ እኛም እንቆማለን፤ ሲነሳ እንነሳለን። የረጠበ አቧራ ሽታ አየሩን ሞላው። ያን ሽታ ረስቼው ነበር፤ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ በላቡ አመካኘሁ።

ከሰዓት እየገፋ ሲሄድ ሕዝቡ ተመናመነ። ጎብኚዎቹ ፎቶ አንስተው ተመለሱ፣ ልጆች ያሏቸው ተመለሱ። አሥር ሰዓት ሲሆን አሥራ አንድ ሰው ቀርተን ነበር። ሰፊው አሸዋ ከምንለው መታጠፊያ ስንደርስ ውሃው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ጠበቅን። ጫፉ ጭራሽ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ እስከ እማዬ ኩሬ አራት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ከበላዩ ያሉት ዛፎች ይታያሉ።

ሊንዚ ዶሮቲን ከትከሻው አውርዶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። “ከዚህ አያልፍም” አለኝ። “በቃ፣ ወደ ቤት እንሂድ።”

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ስልሳ ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ነገር አፌን አምልጦ ወጣ።

“አትሂድ” አልኩት።

“የት?”

“ወደ ባሕሩ። ውሃው ቢደርስም ባይደርስም አትሂድ። ከፈለግህ በጎቹን ሽጥ፣ እኔ ቤት ግባ፣ ብቻ አትሂድ። ስኒዎቹንም ሆን ብዬ ነው የሰበርኳቸው።”

ቀና ብሎ አየኝ። “ሰማያዊዎቹን?”

“ሰማያዊዎቹን።”

“አራት ወር ሙሉ አንድ ሰው እንዲህ እንዲለኝ ስጠብቅ ነበር፣ ኖሊን። ልጄ ና ትለኛለች፣ ባንኩ ሽጥ ይለኛል፤ ቆይ ያለኝ የለም። አንቺ ስኒ ትጠቀልያለሽ።”

“ታዲያ ልቆይ አትለኝም ነበር?”

“ካልጠየቅሽኝ?”

ሁለታችንም የአንድ እናት ጅሎች ነን። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ኮራ ከውሃው ዳር ሆና በረጋ ድምፅ “እናንተ ተጨቃጨቁ፣ እሱ መንገዱን ቀጥሏል” አለች።

ዞር ብለን አየን። ውሃው ከአሸዋው ጀርባ ሲጠራቀም ቆይቶ፣ በግራ በኩል በባሕር ዛፎቹ ሥር ዞሮ ወርዷል። ሊንዚ ተነስቶ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ፣ ትሬቨርም እያነከሰ ሮጠ፤ የዚያን ቀን እውነተኛው ሩጫ ያ ነበር። ኩሬው አፍ ላይ የደረስነው ከውሃው ትንሽ ቀድመን ነው። ታች የተሰነጣጠቀው ጭቃ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ወንዙ የሸክላ አፈሩን ጠርዝ ላሰው፣ አንድ ጊዜ አመነታ፣ ከዚያ ከባልዲ እንደሚገለበጥ ውሃ ድምፅ እያሰማ ወደ ታች ወረደ።

አለቀስኩ፣ አልደበቅኩትም። ትሬቨር አሸዋ ገባብኝ ብሎ ዓይኑን ሲያሽ ነበር። ሊንዚ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ኩሬው ወርዶ፣ ውሃው ጉልበቱ እስኪደርስ ድረስ መሀል ላይ ቆመ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እንኳ አልወጣም።

በማግስቱ ፓስተር ግሬም በምስጋናው ጸሎት ስለ ቅዳሜ አንዳችም አላነሳም። ሰሌዳው ላይ ለአራተኛ ጊዜ “ወንዙ” ብሎ ጻፈ። ከሥሩ በእርሳስ፣ በትሬቨር ጠማማ ጽሑፍ፣ “ሁለተኛ፦ ሊንዚና ኖሊን” ይላል። ማንም እንዲያጠፋው አልፈቅድም። ማታ ሊንዚ ለልጁ ደውሎ በበጋ ልጆቿን ይዛ እንድትመጣ፣ ዋና የሚያስተምራቸው እሱ እንደሆነ ነገራት።

ሰኞ ጠዋት በወንድሜ ወጥ ቤት ስኒዎቹን ከጋዜጣ እያወጣሁ ሳለ የመኪና ጥሩንባ ሰማሁ። ከወንዙ ማዶ ደላላው ሸሚዙ ላይ ክራቫት አስሮ፣ ወረቀቱን ብብቱ ሥር ይዞ ቆሟል። መሻገሪያውን እስከ ሰው ወገብ ድረስ ውሃ ውጦታል። ሊንዚ በዚህ በኩል በጎቹን ያጠጣል። ደላላው ጮኸ፤ ሊንዚ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደላላው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ደግሞ ጮኸ፦

“ጀልባ የላችሁም እንዴ?”

ወንድሜ አጥሩ ላይ የተሰቀለችውን ዶሮቲን አየ፣ ከዚያ በመስኮቱ እኔን አየ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

“አለን!” አለ። “ቂጥ የለውም እንጂ!”