ትልቁ በራድ ጋ ያልቆመው መኪና

ቬርነን ፓስኮ መንዳት እንጂ መቆም የማይሆንለት ሰው ነበር። በየዓመቱ በጥር ሙቀት ድንኳኑን መኪናው ጣሪያ ላይ ያስርና ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከሚኖሩበት ከባላራት ከተማ እስከ አደላይድ ወደ ባሕሩ ይወስዳቸዋል። በየመንገዱ የልጅ ዓይን የሚይዝ ነገር አይጠፋም። አንዱ ከተማ ዝሆን የሚያህል የሲሚንቶ በግ፣ ሌላው የአሻንጉሊት ሙዚየም አለው፤ አንድ ቡና ቤት ደግሞ ባለ ሁለት ራስ ጥጃ ቆዳው በጭድ ተሞልቶ ቆሞበታል። ልጆቹ "አባዬ፣ እዚህ ቁም!" ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦

"ስንመለስ።"

የሚመለሰው ግን በሌላ መንገድ ነው።

ልጁ ኖሪን በተለይ ያልረሳችው ትልቁን በራድ ነው። አንድ የነዳጅ ማደያ ባለቤት ከቆርቆሮ ሠርቶ ቀይ ቀለም የቀባው፣ ቤት የሚያህል የሻይ በራድ ነበር። ልጆች በጎኑ ገብተው ሻይ በሚቀዳበት ጡቱ በኩል እጃቸውን እያወጡ ያውለበልባሉ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እየጮኸች አለቀሰች። አባቷ ግን ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

አሁን ኖሪን ሰባ ዓመት አልፏታል። ባሏ ዓምና ሞተ። ባል ከሞተ ቤት ይከብዳል ብላ፣ አልጋም ምድጃም ያለው ትልቅ መኪና ገዛች፤ ሁለት ዓመት የሚያንሳትን ወንድሟን ክላይቭንም "ጉልበትህን እያሻሸህ ቴሌቪዥን ከምታይ ተነስ" ብላ ይዛው ወጣች። ሕጋቸው አንድ ነው፤ አባታቸው ያለፈው ቦታ ሁሉ ይቆማሉ። ቆሙም። የአጥር ሽቦ ሙዚየም ገብተው በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ።

"ይሄኛው ሽቦ ከዚያኛው በምንድን ነው የሚለየው?" አለ ክላይቭ።

"ይሄኛው ሱሪህን ይቀዳል፤ ያኛው አንተን።"

ከትልቁ በራድ ወዲህ ባለች ትንሽ ከተማ፣ የድሮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሌላ ሙዚየም አገኙ። በሩ ላይ ሎይስ የምትባል አሮጊት ሹራብ እየሠራች ተቀምጣለች። አዳራሹ ውስጥ ማረሻው፣ የበግ መሸለቻው፣ የልብስ ስፌት መኪናው ተደርድሯል። ኖሪን ጥግ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

ከፊቷ አንድ አሮጌ መኪና ቆሟል፤ ወተት መሳይ ቀለም፣ አረንጓዴ ጣሪያ። የአባታቸው መኪና አይደለም፤ ግን ቁርጥ እሱን።

"ክላይቭ፣ ና እስቲ አሽትት።"

አንገቱን በመስኮቱ አስገባ። "ወይ ጉድ! የኋላው ወንበር እንደ ያኔው ብርቱካን ይሸታል ወይስ ለእኔ መስሎኝ ነው?"

ሎይስ ከሩቅ እያየቻቸው ነበር። "መንካት ክልክል ነው ይላል ጽሑፉ" አለች። "እኔ ግን ያለ መነጽር አላይም፤ መነጽሬን ደግሞ ላመጣ ነው።" ብላ ወጣች።

ኖሪን መሪው ጋ ተቀመጠች። ክላይቭ እንደ ልጅነቱ ከፊት ወንበር። ያኔ መኪና ስለሚያመው ከአባቱ ጎን የሚቀመጠው እሱ ነበር፤ እናታቸው ከኖሪን ጋር ኋላ ነበረች።

"ምን ነበረበት አንዴ ቢቆም?" አለች መሪውን እየዳሰሰች። "ልበ ድንጋይ። ነዳጅ እንኳ ከመንገድ አይገዛም፤ ከቤት በጀሪካን! ሽንት ቤት ስንል ደግሞ ሞተሩን እያስጮኸ 'ቶሎ በሉ! ቶሎ በሉ!'"

ክላይቭ ዓይኑን የሞተሩ ቁልፍ ማስገቢያ ላይ ጣለ።

"ምነው?"

"ሞተሩን ማጥፋት አይችልም ነበር፣ ኖር።"

"ማለት?"

"ከሞቀ በኋላ ከጠፋ አይነሳም። ቁልቁለት ካላገኘ ወይ የሚገፋ ሰው ከሌለ አለቀ። ማደያ ደግሞ ሞተር ሳይጠፋ አይቀዱም፤ ለዚህ ነው በጀሪካን የሚሞላው። ሞተሩን ሳያጠፋ ብዙ እንዳይቆም፣ በዚያ ሙቀት የሞተሩ ውሃ ይፈላል። አንዴ ሆርሸም ከተማ ላይ ጠፋበትና አንቺ ተኝተሽ እሱና እማዬ ገፉት። ሰው ቆሞ ይስቃል። ፊቱ በላብ ታጥቦ ገባና 'ለኖሪን አትንገራት፤ አባቷ ሁሉን የሚችል ይመስላታል' አለኝ።"

"ታዲያ አያሠራውም?"

"በየዓመቱ ሊያሠራው ይላል። በየዓመቱ ሌላ ነገር ይመጣል። አንዱን ዓመት ያንቺ ጥርስ ነበር።"

ኖሪን እጇን ከመሪው አነሳች። "ስንት ዘመን ሙሉ አፍህን ዘጋህ! ቀብሩ ላይ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ተነስቼ 'አባዬ፣ ስንመለስ እናይሃለን' ብዬ ሰዉን አሳቅሁ! አንተም ሳቅህ!"

"እማዬ አልሳቀችም" አለ ክላይቭ በቀስታ።

ይህን ስትሰማ በሩን ከፍታ ወረደች። ሎይስ ሹራቧን ይዛ ስትመለስ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጣት አለፈች።

ኖሪን እስከ ትልቁ በራድ ድረስ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ነዳች። ማደያው ተዘግቷል። የበራዱ ቀይ ቀለም ረግፎ ዝገት በልቶታል፤ ክዳኑን ንፋስ ወስዶታል። ክላይቭ በጉልበቱ ምክንያት ታች ቀረ። ኖሪን በጎኑ ባለው ጠባብ በር አጎንብሳ ገባች፤ የሚንቋቋውን መሰላል ቀስ ብላ ወጣች። ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል። ግድግዳው ላይ ልጆች ስማቸውን በሚስማር ጭረዋል። በጡቱ ቀዳዳ አሻግራ አየች።

መንገዱ ይታያል። በዚህም በዚያም የስንዴ ማሳ ብቻ፤ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ። ዓይኗ ቁልቁለት ፈለገ። አንድ ክንድ የሚያህል እንኳ የለም። በዚህ ሜዳ ላይ ሞተሩን ቢያጠፋ፣ እሷ በራዱ ውስጥ ስትስቅ እሱ በሰው ፊት የቆመ መኪና ሊገፋ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እንደዚያን ጊዜው ግን አልጮኸችም።

"ኖር! አለሽ? እንዳልመጣ ጉልበቴ…"

"አለሁ። ማን ና አለህ?"

ስትወርድ ፀጉሯ ዝገት በዝገት ሆኗል። ክላይቭ ሊያራግፍላት እጁን ዘረጋ፤ አልከለከለችውም።

"ተቆጥተሻል" አለ።

"በጣም። እሱ የነገረህ ልጅ ሳለህ ነው። ስትሸብት ምን ከለከለህ?"

"ቃሌን የጠበቅሁ መሰለኝ። ኋላ ደግሞ… እሱ ለእኔ ብቻ አደራ ያለው ነገር ሌላ አልነበረኝም።"

ኖሪን መኪናው ውስጥ ገብታ ለልጇ ደወለችና፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሲቀልድበት የኖረው አያቷ መንገድ ላይ ለምን እንደማይቆም ነገረቻት። ልጇ መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ እንደገና ንገሪኝ አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ክላይቭን ዳቦ እየቆረጠ አይብ ሲጨምርበት አገኘችው። ከጎኑ ተቀመጠች።

"ከፊት ወንበር ሌላ ምን ምን ሰማህ?"

"ብዙ ነው እኮ።"

"የት እሄዳለሁ? ንገረኝ።"

ክላይቭ ቢላዋውን አስቀመጠ። "ይዘፍን ነበር" አለ። "እናንተ ኋላ ስትተኙ፣ ቀስ ብሎ። ድምፁ አስቀያሚ ነው ታዲያ!"