ሦስት እኩል፣ አንድ ረዥም

ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ።

ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ሰማችው። ድምፁ የሚመጣው ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሱቅም ሳሎንም ከሆነችው ክፍል ነው። ክር የለበትም፣ ጨርቅ የለበትም፤ ዘይት የጠገበ ብረት በብረት ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ብቻ። ሰው እንዳይነቃ ብሎ በጥፍሩ በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስላል።

«እመቤቲቱ ተነሡ» አለች በልቧ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ እየሳበች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። በየማለዳው ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ያቺን የስፌት መኪና ያዞራታል። ለምን ቢባል «እንዳትደርቅ ነው» ይላል። ሌሎቹ አራቱ ቢደርቁ ግን ግድ የለውም! እሷ ራሷ፣ የገዛ ሚስቱ፣ አንገትጌና ቁልፍ ስትተክል ወገቧ ሲደርቅ፣ አንድ ቀን ዘይት ላርግልሽ ያላት የለም።

ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ባለው ጣውላ ላይ አምስት አሮጌ፣ በእጅ የሚዞሩ የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል። ሌላው ወንድ እርግብ ያረባል ወይ ኳስ ያያል፤ ልብስ ሰፊው እነዚህን ይሰበስባል። ከቁራጭ ብረት ክምር ውስጥ እየጎተተ አውጥቶ፣ ዝገታቸውን ፍቆ፣ ስም አውጥቶላቸዋል። ቆዳ የሚበሳው ከባዱ ኮሎኔሉ ነው። ቀለሟ የተላጠው፣ ወገበ ሰፊዋ ባልቴቷ ናት። አንድ ዓይነት የሆኑት መንትዮቹ ናቸው። ዳር ላይ፣ ፀሐይ እንዳያገኛት ከመስኮቱ ራቅ ብላ የተቀመጠችው ትንሿ ጥቁር፣ ገላዋ ላይ የወርቅ አበባ የተሳለባት፣ ሙሽሪት ናት። አራቱ አቧራ ሲጠጡ ሙሽሪት ነጭ ጨርቅ ተከናንባ ትውላለች።

ሚስቱ ሙሽሪትን ትጠላታለች። ሰው እንዴት ብረት ይጠላል የሚል፣ ብረቷ የማን እንደነበረች አልሰማም ማለት ነው። ባሏ ሙያውን የተማረው አንድ ሽማግሌ ሰፊ ዘንድ ነው። ሽማግሌው ሴት ልጅ ነበረችው፤ ሙሽሪት የልጅቷ መኪና ነበረች። ሰፈሩ ሁለቱን ድሮ ድሮ በወሬ አጋብቶ ጨርሶ ነበር፤ ለምን ሳይጋቡ እንደቀሩ ግን ሚስት እስከ ዛሬ አልተነገራትም። የምታውቀው ሽማግሌው ሲሞት ልጅቷ መኪናዋን አንስታ ለእሱ መስጠቷን ነው። ሰፊ ሆና የስፌት መኪናዋን ለሰው የምትሰጥ ማን ናት? እጇን ቆርጣ እንደ መስጠት ነው።

የባሰው ደግሞ ካፖርቱ ነው። በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ፣ በጋ ክረምት ሳይል፣ ግራጫ ካፖርቱ ይንጠለጠላል። የውስጥ ኪሱን የሰፋችው ያቺው የሽማግሌው ልጅ ናት። ይህን የነገራት ራሱ ነው፣ በተጋቡ ሰሞን፣ ወሬ ለማሳመር ያህል። ነግሯት ረሳው፤ እሷ ግን ያን ኪስ እንደ ጠላት ፊት አጥንታዋለች። ሦስት እኩል፣ አንድ ረዥም። ሦስት እኩል፣ አንድ ረዥም። ስፌቱ ያነክሳል።

«መኪናዋ ናት የምታነክሰው» ብላ ደምድማለች። መኪና ሁሉ የየራሱ አመል አለው፤ ባልቴቷ ክር ትበጥሳለች፣ ኮሎኔሉ ጨርቅ ይውጣል። ሙሽሪት ደግሞ ታነክሳለች። «ልፍታውና በወጉ ልስፋልህ» ብትለው፣ «ተዪው፣ ይዟል» አላት። ሁለት ሰፊ ባለበት ቤት የሚያነክስ ኪስ!

ተነስታ መጋረጃውን ገለጠች። ባሏ ሙሽሪትን መልሶ እያከናነባት ነበር።

«ደህና አደረች?» አለችው።

«ማን?»

«ማን እንደሆነች አንተ ታውቃለህ።»

«ጀመረሽ» አለ፣ ፈገግታውን ጺሙ ውስጥ እየደበቀ። «ሻይ አፍልተሻል ወይስ ነገር ብቻ ነው ያፈላሽው?»

ሻይ አፈላች። ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ ብርጭቆ መሐል፣ የሚሠሩበት የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ሞተር ጥርሱ እንደወለቀ ሽማግሌ ተበታትኖ ተቀምጧል። ተቃጥሏል። አዲስ ሞተር ካልተገዛ፣ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ሊሰጣቸው ያሰበው የዩኒፎርም ሥራ ለሌላ ሰፊ ይሄዳል። ሰው ሁሉ የተሰፋ ልብስ ከመደብር እያነሳ በሚለብስበት ዘመን፣ የዓመቱ ጉርሳቸው ያ ዩኒፎርም ነው። እጃቸው ላይ ያለው ደግሞ ለሞተሩ ብሎን እንኳ አይበቃም። ከመደርደሪያው የግድ የሚወርድ አለ። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው፣ ሰፈሩ «ሙዚየም» የሚለው ሰውዬ ዛሬ ሊመጣ ነው።

«እሺ፣ የትኛው ይሂድ?» አለች።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ፤ ልጆቹን ለጦር ሜዳ የሚመርጥ አባት መሰለ። «ባልቴቷ አትሆንም።»

«ለምን?»

«ማን ይገዛታል? መልክ የላት፣ ጤና የላት። ሰው ፊት አውጥቼ አላሳፍራትም።»

«መንትዮቹስ?»

«አንዱን ብቻ ብሸጥ ሌላው ይከፋዋል።»

ሳቋ አመለጣት። ይህ ሰው እንዲህ ነው፤ ልትጣላው ስትነሳ ያስቃታል። ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ ድምፅዋን ተራ ነገር እንደምትጠይቅ ለስለስ አድርጋ፣ «ሙሽሪትስ?» አለች። «ከሁሉ በላይ ዋጋ የምታወጣው እሷ ናት። እሷን ብቻ ብንሸጥ ሞተሩም ይገዛል፣ ሌሎቹም ይቀሩልሃል።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እሷ ትቆይ።»

«ምክንያት?»

«ትቆይ አልኩ እኮ።»

ለባልቴቷ ምክንያት ነበረው፣ ለመንትዮቹም ምክንያት ነበረው። ለሙሽሪት ግን ቃል አልተረፈውም። አምስት መኪና ለጨረታ ሲቀርብ ያልቀረበችው አንዷ፣ እሷ ራሷ ከገባችበት ቀን በፊት እዚህ ቤት የገባችው ናት። እሷስ ስድስተኛ ሆና ብትደረደር፣ «ትቆይ» ይባልላት ይሆን?

ልብስ ሰፊው ጃኬቱን ለበሰ፤ ደረጃ መውጣት የማይችለውን ወፍራም ጠበቃ ቤቱ ሄዶ ሊለካው ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከበሩ ተመለሰ።

«ሙዚየም ሲመጣ ኮሎኔሉን አሳዪው። ካንገራገረ መንትዮቹን ጨምሪለት። ሌላ አይነካ።»

«ሌላ አይነካ» አለች፣ እንደ ገደል ማሚቶ።

ሙዚየም ፀሐይ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስትደርስ መጣ። ኪሶቹ ሁሉ የተለጠጡ፣ ባርኔጣውን ቤት ውስጥም የማያወልቅ፣ ዕቃ ሲያይ ከንፈሩን የሚመጥ ሰውዬ ነው።

«ይግቡ ጋሼ» አለችው። «ኮሎኔሉ ይኸውልዎ።»

«እህቴ፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም፣ መድፍ ነው!» በሁለት እጁ ሊያነሳው ሞክሮ ተወው። «ቤቴ ባስገባው ወለሉን ሰብሮ ታች ካለው ጎረቤት ያጣላኛል።»

«መንትዮቹስ?»

«እነሱን የመሰሉ ቤቴ ሞልተዋል። እንደውም አንዳንዶቹን አምጥቼ ልጨምርልሽ ነበር።» ዓይኑ ግን መደርደሪያው ዳር ላይ ተተክሏል። «ያቺ የተከናነበችው ማን ናት? ታማ ነው?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። «እሷ አትሸጥም» ቢባል ያልቅ ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዩኒፎርሙን አሰበች፣ ሞተሩን አሰበች፤ ሐሰት ለምን ይወራል፣ ከሁለቱም በላይ የጠዋቱን «ትቆይ አልኩ እኮ» አሰበች። እጇ ተነሳ። ነጩን ጨርቅ ገፈፈችው፤ የማታውቃት ሴት ቀሚስ የገፈፈች ይመስል ፊቷ ጋለ።

ሙዚየም ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይሄን ዓይነት አበባ…» አለና ዋጠው፤ ገዢ ማድነቅ እንደሌለበት ትዝ ብሎት ነው። «ለጌጥ ናት ወይስ ትሰፋለች?»

«ልንገርዎት፣ ስትሰፋ ታነክሳለች። በኋላ አታለለችኝ እንዳይሉ።»

«እስቲ ታንክስ፣ ልያት።»

ሙሽሪት ላይ ለመስፋት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ክር ከተተች፣ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገባች፣ እጀታውን ያዘች። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ሙሽሪት እንደ ወተት ሄደች። ሙዚየም ቁራጩን ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው፣ አገላብጦ አየው።

«ይቺ ናት የምታነክሰው? እኔም እንደ እሷ ባነከስኩ!»

የጠራው ዋጋ ሞተሩን ገዝቶ የሚተርፍ ነበር። ለወጉ ያህል ተከራከረችው፤ እሱም ለወጉ ጨመረላት። መኪናዋን በራሷ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። መንገዱን ሲሻገር በመስኮት አየችው። ትከሻዋ ቀለላት። ክፍሏ ራሷ የሰፋች መሰላት፤ ሌላ ሴት የወጣችበት ቤት እንዲህ ነው ለካ የሚሰፋው! ወለሉን ጠረገች፣ እያንጎራጎረች። ባሏ ቢቆጣ ቢቆጣ የዛሬን ነው። ነገ ጠዋት ያ ድምፅ የለም።

ጠረጴዛውን ስታነሳሳ ቁራጩ ጨርቅ እጇ ገባ። ልትጥለው ስትል ዓይኗ አረፈበት።

እኩል፣ እኩል፣ እኩል፣ እኩል። ከዳር እስከ ዳር አንድም ረዥም የለበትም።

መጀመሪያ ያሰበችው መኪናዋን ባሏ ጠግኗት ይሆናል ብላ ነው። ከዚያ ግን በቁሟ ቀዘቀዘች። ለስንቱ ጀማሪ በአፏ ስትናገር የኖረችውን ነገር እንዴት ረሳችው? በእጅ የሚዞር መኪና ላይ ቀኝ እጅ ሲያዞር ጨርቁ ለግራ እጅ ብቻ ይቀራል። አመለኛ ግራ እጅ በመሐል በመሐል ጨርቁን ይጎትታል፤ ሲጎትት ስፌቱ ይረዝማል። «የመኪናው አይደለም፣ የእጅሽ ነው» ትላቸዋለች። ያን ኪስ ግን አንድ ቀን እንኳ በሰፊ ዓይን አላየችውም፤ ያየችው በቅናት ዓይን ነው። የምታነክሰው ሙሽሪት አልነበረችም። የሚያነክሰው የሽማግሌው ልጅ እጅ ነው። እጇን ደግሞ ሙዚየም ታቅፎ አልወሰደውም።

ወደ ካፖርቱ ሄደች። ለምን እንደሄደች አታውቅም፤ የታመመ ጥርስ በምላስ እንደሚነካካ ነው። ገበሩን ገልጣ ኪሱን አወጣች። ያው አሮጌው ክር፣ የደበዘዘው፣ ሦስት እኩል፣ አንድ ረዥም። ወደ ታች፣ ወደ ኪሱ ግርጌ ስትወርድ ጣቷ ቆመ።

እዚህ ክሩ አይደበዝዝም። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ገና እጥበት አላየም። የሱቁን ክር ሁሉ በጨለማ ትለየዋለች፤ ይህ ክር የዚህ ሱቅ አይደለም። ኪሱ ተቀዶ ነበር፣ ሰው ሰፍቶታል። መስኮቱ ድረስ ወስዳ አየችው። ማየት እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ሦስት እኩል። አንድ ረዥም።

ካፖርቱን መልሳ ስትሰቅለው ሚስማሩን ሁለቴ ሳተችው።

ልብስ ሰፊው እየሳቀ ገባ። «ጠበቃውን ብታዪው! ሜትሩ አልበቃ ብሎኝ በገመድ…» አለና አቋረጠው። ዓይኑ መደርደሪያው ዳር ላይ ነው። አቧራው መሐል መኪናዋ የነበረችበት ንጹሕ አራት ማዕዘን ቀርቷል።

«ኮሎኔሉን አልፈልግም አለ» አለች። «ገንዘቡ እዚያ ነው። ሞተሩ ይገዛል።»

ገንዘቡን አላየውም። ይጮኻል ብላ ትከሻዋን አጠንክራ ነበር፤ ቢጮህ በወደደች። እሱ ግን ቁራጩን ጨርቅ ከጠረጴዛው አነሳና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽባት?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀጥ ያለ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «መኪናዋ ሁልጊዜም ቀጥ አድርጋ ነው የምትሰፋው።»

«ታዲያ የሚያነክሰው ማን ነው?»

ቁራጩን ጨርቅ አጠፈው።

«አንተን እኮ ነው! የድሮውን አይደለም የምጠይቅህ። የድሮውን ትቼልሃለሁ። ጥቁር ሰማያዊውን ነው የምጠይቅህ። እዚህ ቤት ጥቁር ሰማያዊ ክር የለም።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ፤ ሀፍረት ይሁን ቁጣ፣ ወይ ደግሞ የደከመው ሰው እፎይታ፣ መለየት አቃታት። የስንቱን ሰው ትከሻና ደረት በዓይኗ የምትለካ ሴት የገዛ ባሏን ፊት መለካት አቃታት። ሊናገር ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ ቀስ ብሎ ጠቀለለው፣ ጠረጴዛው ላይ ከገንዘቡ አጠገብ አስቀመጠው።

ወደ በሩ ሄደ። ውጭ ፀሐይዋ አስፋልት ታቀልጣለች። ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረደና ለበሰው፤ እጁን ወደ ውስጥ ከትቶ ኪሱን በመዳፉ ዳበስ አደረገ፤ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ።