ትንኟን የሚጠብቁት

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ረጀብ በጨፋ ረግረግ ዳር ሁለት ላሞቹን ይዞ ብቻውን ይኖራል። ያለችው አንዲት ልጅ ሩመይሳ ናት፤ እሷም ደሴ አግብታለች። ባለፈው ልጇን አሚርን ይዛ ጠይቃው ነበር። ልጁ ግን ደሴ በተመለሰ ሰሞን ወባ ጥሎት ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ ወዲያ ሩመይሳ ጨፋን አልረገጠችም። ረጀብም «እኔ እዚሁ እየኖርኩ መች አመመኝ?» እያለ ሲከፋው ከረመ።

አረፋ ሲቃረብ ግን ደወለች። «አባ፣ ለበዓሉ እንመጣለን። አሚርም አያቴ ጋ ውሰጂኝ ብሎ አስቸግሮኛል።»

ረጀብ ግቢውን ጠረገ፤ የአልጋውን ጠፍር አጠበቀ፤ ላሞቹን ሲያልብ ሳይቀር ያዋራቸው ጀመር።

በዚያው ሰሞን የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ መድና ቤት ለቤት እየዞረች ደም ስትወስድ እሱም ጣቱን ሰጥቷት ነበር። ተመልሳ መጣች።

«አካም ቡልተን፣ አባ ረጀብ?»

«አልሀምዱሊላህ። ምነው፣ በደህና?»

«ደምዎ ውስጥ ወባ አገኘን።»

ሳቀ። «እኔ? ራሴን እንኳ አላመመኝ!»

«ሰውነትዎ ለምዶት ነው አንቱን የማይጥልዎት» አለች በርጩማው ላይ እየተቀመጠች። «ወባው በደም ውስጥ ይባዛል። ጥቂቱ ግን መባዛቱን ትቶ፣ ወንድና ሴት ሆኖ፣ ትንኝ እስክትነክስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሆዷ ሲገባ ከሰው ገላ ሙቀት ወጥቶ ይቀዘቅዘዋል፤ ያኔ ይነቃና ወንዱ ከሴቷ ተገናኝቶ ይራባል። እሷ ደግሞ ቆይታ ሌላ ሰው ስትነክስ...»

የረጀብ ሳቅ ጠፋ። «አሚርን?»

«ከማን እንደያዘው ማንም አያውቅም፤ ራስዎን አይክሰሱ።» ክኒን ሰጥታው እፊቷ ዋጠ። «ይሄ የሚጠብቁትንም ይገድላል። ከአንቱ ደም የጠጡት ትንኞች ግን ገና እዚሁ አሉ። ለጊዜው እንግዳ ባያሳድሩ ይሻላል።»

እሷ ከሄደች በኋላ ላሞቹ እስኪጮሁ ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ዝም ቢል እነሩመይሳ እንደሚመጡ ያውቃል። ስልኩን አነሳ።

«ለአረፋ አትምጡ» አላት።

«ተቀየምከን እንዴ አባ?»

«አይ ልጄ። ወባው ያለው እኔ ውስጥ ነው።» መድና ያለችውን ሁሉ ነገራት።

«እንግዲያ አንተ ና» አለች ሩመይሳ።

«ላሞቹን ማን ያልብልኛል?»

የአረፋ ዕለት ከሚሴ ሄዶ ሰገደ። ሰዉ የልጅ ልጁን በእጁ ይዞ ሲወጣ እያየ ቶሎ ተመለሰ። ጎረቤት ሥጋ ላከለት፤ ትንሽ ቀምሶ ተወው።

ሳምንታት አልፈው ጤና ጣቢያ ሲሄድ መድና ደሙን ደግማ መረመረች። «ማሻአላህ፣ ነጽተዋል!»

እዚያው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ለሩመይሳ ደወለ። እልል አለች። ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ክረምቱ ገባ እኮ አባ። ትንኙ ሲቀንስ፣ ጥር ላይ እንመጣለን።»

«ኢንሻአላህ» አለ።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ የላሞቹ ማለቢያ ሰዓት ሳያልፍበት ወደ ጨፋ የሚመልሰው ባጃጅ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጣ።